ቃጭሉ ካልጮኸ ድመት የለም

ግቢው ሥርዓት ያለው ግቢ ነበር። ማን የት እንደሚያርፍ ማንም ለማንም አይነግርም፤ ሁሉም ሲያድግ ያውቀዋል። ቁራዎች ጽዱ ጫፍ ላይ ናቸው፤ ከዚያ ሆነው የጎረቤትን ግቢ ጭምር ያያሉ፣ ያዩትን ሁሉ ግን አይናገሩም። ርግቦች ከቆርቆሮው ክዳን ሥር፣ ዋኔዎች ወይራው ላይ ይኖራሉ። ድንቢጦች ደግሞ አጥሩ ሥር ባለው የጽጌረዳ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ከመሬት ብዙም ከፍ ሳይሉ ጎጆ ይሠራሉ። ለምን እዚያ ብትሏቸው እሾሁ ይጠብቀናል ይላሉ። እውነቱ ግን ከላይ ያለው ቦታ ሁሉ ስለተያዘ ነው።

ስለ ድመት የሚወስኑት ከላይ የሚኖሩት ነበሩ። ድመት የሚበላው ደግሞ ከታች የሚኖሩትን ነው። ይህ ነገር በግቢው ውስጥ ማንንም ሲያስገርም አልታየም።

አጥሩ ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር ነው። ጫፉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሎበታል፤ ለሌባ ታስቦ ነው። የሰፈሩ ድመቶች ግን በስባሪው መካከል እግራቸውን እየመረጡ እያስቀመጡ፣ ወደ ገዛ ቤቱ እንደሚገባ ሰው ሳይቸኩሉ ይገቡ ነበር። በተለይ የጎረቤቱ ቀይ ድመት የጽጌረዳውን እሾህ አንድ በአንድ ያውቀዋል ይባል ነበር።

ስለዚህ ወፎቹ አንድ የቆየ ልማድ ነበራቸው። የቤቱ ሰዎች ጠዋት ጠዋት የገበታ ልብሳቸውን ከጓሮ በር ላይ ያራግፋሉ፤ ወፎቹ ፍርፋሪውን ለመልቀም አብረው ይወርዳሉ። አንድ ወፍ ግን አይወርድም። ተረኛው ነው። የልብስ ማስጫው ብረት ላይ ቆሞ፣ ሌሎቹ ሲበሉ እሱ አጥሩንና ቁጥቋጦውን ሲያይ ይቆያል። ድመት ካየ «ችክ፣ ችክ፣ ችርርር» ይላል። ይህ ጩኸት ሲሰማ ጥያቄ የለም፣ ሁሉም ብድግ ነው። ተረኛው የሚበላው ሌሎቹ ጠግበው ከሄዱ በኋላ የተረፈውን ነው፤ ብዙ ጊዜም አይተርፍም።

ልማዱን የሚወደው አልነበረም። ርግቦች ተራቸው ሲደርስ ክንፋቸውን ያማቸዋል። ቁራዎች «እኛ ጽዱ ላይ ሆነን ሁልጊዜም ዘብ ነን» ብለው ከተራው ከወጡ ቆይተዋል። ቢሆንም ልማዱ ይሠራ ነበር። ጫጩት ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ጩኸቱን ይሰማል። ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳው የለም፤ እናቱ ስትደነግጥ አብሮ ይደነግጣል፣ በዚያው ይማራል።

ሁልጊዜ ግን አያድንም። አንድ ቀን ተረኛ የነበረው ርግብ አንድ ፍርፋሪ ብቻ ልቅመስ ብሎ ከብረቱ ወረደ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲል ቀዩ ድመት ጽጌረዳው ውስጥ ገብቶ የሽታዬን ጫጩቶች በሙሉ ይዞ ወጣ። ሽታዬ ድንቢጥ ናት፤ ትንሽ፣ ቡናማ፣ ብዙ የማትናገር። ከዚያ ቀን በኋላ ደግሞ ጭራሽ ዝም አለች። ባዶው ጎጆ ጠርዝ ላይ እየተቀመጠች አጥሩን ታያለች፤ የሚያልፍባት ሰላም ሲላት የምትሰማ አትመስልም።

ይህ ከሆነ ብዙም ሳይቆይ የቤቱ ሰዎች ድመት አመጡ። ወንድ ነው፤ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡሬ፣ ስሙም ቡሬ። አንገቱ ላይ ቀይ ጥብጣብ ታስሮለታል፣ ጥብጣቡ ላይ የነሐስ ቃጭል ተንጠልጥሏል። ሲራመድ ቅጭል፣ ቅጭል ይላል። ወፎቹ መጀመሪያ ዛፍ ላይ ወጥተው ቀሩ። በኋላ ግን ቡሬ ቀዩን ድመት አጥሩ ላይ አግኝቶ ጆሮውን ሲዘነጥለው በዓይናቸው አዩ። ሌሎቹንም ድመቶች እንዲሁ በየተራ አባረራቸው። ድመት ድመትን ሲያባርር ማየት ለወፍ እንግዳ ነገር ነው፤ ደስ ይላል፣ ግን ወዴት እንደሚያመራ አይታወቅም።

ያን ሰሞን የቁራዎቹ አንደበት የሆነው አቶ በላቸው ከጽዱ ወርዶ ወፎቹን ሰበሰበ። ስብሰባው ውኃ በሚጠጡበት የድንጋይ ገንዳ ዙሪያ ነበር። የሚመሩት ባሻ እርገጤ ናቸው፤ አንገታቸው የወፈረ፣ ንግግር ከመጀመራቸው በፊት የሚያጉረመርሙ ሽማግሌ ርግብ። ቡሬም መጥቶ ነበር። ከተሰብሳቢው ራቅ ብሎ፣ በትሕትና ጀርባውን ሰጥቶ መዳፉን ይልሳል።

«ወገኖቼ» አለ በላቸው፣ «ድመት አይኑር ማለት አንችልም። ግቢው የሰው ነው፣ ሰው ደግሞ ድመት ይወዳል። ስለዚህ ምርጫችን ድመት ይኑር አይኑር አይደለም። የሚሰማ ድመት ይሻለናል ወይስ የማይሰማ? ጥያቄው ይኼ ነው።»

ርግቦቹ አጉረመረሙ። ርግብ ሲስማማም ሲቃወምም የሚያጉረመርመው አንድ ዓይነት ስለሆነ በላቸው እንደተስማሙ ቆጠረው።

«እሱ ራሱ ይናገር» አሉ ባሻ።

ቡሬ ዞር አለ፣ ቃጭሉ ጮኸ፣ የተወሰኑት ወፎች ብድግ ብለው እንደገና አረፉ። «ወፍ አልወድም ብላችሁ አታምኑኝም» አለ። «ስለዚህ አልልም። ግን ቤት ውስጥ ወተት አለኝ። ሌሎቹ ድመቶች ይህን የላቸውም። ግቢው ግቢዬ ነው፣ ማንም እንዲገባበት አልፈልግም። እኔን ደግሞ የትም ብሄድ ትሰሙኛላችሁ። ይህን ነገር አንገቴ ላይ ያሰርኩት እኔ አይደለሁም፤ ላውልቀው ብልም አልችልም።»

ይህ የመጨረሻው ቃሉ እውነት ነበር። የቀረውም ቢሆን ሐሰት የለበትም። ደጋግሜ ባስበው፣ ያን ቀን ቡሬ አንድም ውሸት አልተናገረም።

ሽታዬ ከገንዳው ሥር ሆና ድምፅ አሰማች። «ባሻ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ።»

«ጠይቂ።»

«ቃጭሉ ሲራመድ ይጮኻል። ሲያደፍጥስ? እኔ እስከማውቀው ድመት እየተራመደ አይበላም። አድፍጦ ነው የሚበላው።»

ቡሬ መዳፉን መላሱን ቀጠለ። በላቸው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ ሽታዬ በቅርቡ ልጆቻቸውን አጥተዋል» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ሐዘናቸውን እንካፈላለን። ግን ይህን ልጠይቃቸው። ልጆቻቸው የተበሉት በማን ጊዜ ነው? በዘቡ ጊዜ አይደለም? ተረኛ አልነበረም?»

ሽታዬ ያን ቀን ተረኛ የነበረውን ርግብ አየችው። እሱ የደረቱን ላባ እየፈተሸ ነበር። የተባለው እውነት ነበር።

ወይራው ላይ የሚኖሩት ዋኔዋ እማማ አስካለ በዚህ መካከል ጠየቁ። በጉልበታቸው ጊዜ ከእሳቸው የተሻለ ዘብ አልነበረም። «እንግዲያ ተራው ይቀራል ማለት ነው?»

«ምን ያደርጋል?» አለ በላቸው። «ቃጭሉ ዘብ ነው። አይርበው፣ አይደክመው፣ ፍርፋሪ አያታልለው። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ቃጭሉ ትንሽ ነው፣ ድምፁም ቀጭን ነው። እኛ በየሰበቡ ችክ ችክ እያልን የምንጮህ ከሆነ ማን ይሰማዋል? ስለዚህ እሱ እንዲሰማ እኛ ዝም እንበል።»

ርግቦቹ ተራው ይቀራል ከተባለ በኋላ የመጣውን ብዙም አልሰሙም። ፊታቸው በርቶ ነበር። ባሻ እርገጤ አጉረመረሙና ውሳኔውን አሰሙ። የዘብ ተራ ቀርቷል። የድሮው ጩኸት የቃጭሉን ድምፅ ስለሚሸፍን ክልክል ነው። ቃጭሉ ከጮኸ ድመት አለ፤ ካልጮኸ የለም። ቡሬም የግቢው አጋፋሪ ተባለ። ክንፍ ይውጣ ሲባል ሽታዬም ክንፏን አወጣች። አትፍረዱባት። ደክሟት ነበር፤ ሌሊቱን ሳትደነግጥ ማደር ናፍቋት ነበር። ማመን ፈለገች፣ አመነች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢው ውስጥ ድመቱን «እሱ» ማለት ቀርቶ «እሳቸው» ማለት መጣ። አጋፋሪ አደሩ፣ አጋፋሪ ዋሉ፣ አጋፋሪ ፀሐይ እየሞቁ ነው። እኔ ክንፍ ስላላወጣሁ እሱ እለዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያው ደህና ጊዜ ነበር። የሰፈሩ ድመቶች ከአጥሩ ማዶ ቀሩ። ፍርፋሪው ላይ ሁሉም አንድ ላይ ወርዶ አንድ ላይ ይጠግባል፤ ብረቱ ላይ የልብስ መቆንጠጫ ብቻ ቀረ። ቅጭል ሲል ይነሣሉ፣ ሲያልፍ ይመለሳሉ። እናቶች ልጆቻቸውን ቃጭል ማስተማር ጀመሩ፤ «ቅጭል ሲል ወደ ላይ» እያሉ። ሽታዬም እንደገና እንቁላል ጣለች። ከእንቁላሎቹ የተፈለፈለው አንዱ ብቻ ነበር። በሞቱት ፋንታ የመጣች ናትና ምትኬ አለቻት።

ከዚያ ላባ መታየት ጀመረ።

መጀመሪያ ጽጌረዳው ሥር ትንሽ ቡናማ ላባ ነበር። በላቸው ጽዱ ላይ ሆኖ «ወፍ ላባ የሚቀይርበት ወቅት ነው» አለ። ከዚያ አንዲት ድንቢጥ ከነጫጩቶቿ ጠፋች። «ጎረቤት ግቢ እህል ተሰጥቷል አሉ፣ ሄዳ ይሆናል።» ከዚያ አንድ ያልበረረ የዋኔ ልጅ ከወይራው ወድቆ ሳይገኝ ቀረ። «ነፋስ ነበር።» ያን ቀን ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም፤ ግን ማን አስታውሶ ይከራከራል። ሌላም ነገር ነበር። ቁራዎቹ ማለዳ ማለዳ ከጽዱ ወርደው ጽጌረዳው ሥር መመላለስ ጀምረዋል። ስትጠይቋቸው «ግቢ እያጸዳን ነው» ይሏችኋል። በላቸው ያን ሰሞን ወፍሮ ነበር።

ወፎቹ መጠራጠር ጀመሩ፤ ግን ጥርጣሬያቸው ወደ ድመቱ አልሄደም። ቃጭሉ አልጮኸማ። እርስ በርሳቸው ተጠራጠሩ። የጠፋችው ድንቢጥ ከማን ጋር ተጣልታ ነበር? ማን ከአጥር ማዶ ታየ? ማን ማታ ማታ ቀስ ብሎ ችክ ሲል ተሰማ? ሁለት ወፎች አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሲያርፉ ሦስተኛው ለምን እንዳረፉ ያስብ ጀመር።

ሽታዬ ብቻ ዓይኗን ከድመቱ ላይ አላነሣችም። አንዴ ጎጆዋ ባዶ የቀረባት ስለሆነች ቶሎ አትዘናጋም። አንድ ረፋድ ላይ፣ ከጎጆዋ ጠርዝ፣ ቡሬ በሣሩ መካከል ወደ ጽጌረዳው ሲመጣ አየችው። ያለ ድምፅ ነበር የሚመጣው። አገጩን ደረቱ ላይ ቀብሮ፣ ቃጭሉን በአገጩና በጠጉሩ መካከል አፍኖ፣ አንገቱ እንደተቀጨ ሰው አጎንብሶ ይሄዳል። ቁጥቋጦው ሥር ደርሶ እንደዚያው ተኛ። ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። ያን ቀን ማንም አልወረደምና ተነሥቶ ሄደ፤ ሜዳው ላይ ሲደርስ ቀና አለ፣ ቅጭል፣ ቅጭል እያለ ወደ ቤቱ ገባ።

ሽታዬ በዚያው ወደ ባሻ እርገጤ በረረች።

«ባሻ፣ አጋፋሪውን ጽጌረዳው ሥር አየሁት።»

«አየኋቸው በይ።»

«አየኋቸው። አድፍጠው ነበር።»

«ቃጭሉ ጮኋል?»

«አልጮኸም። በአገጫቸው አፍነውት ነበር።»

«አልጮኸም» አሉ ባሻ።

«አዎ፣ እሱን ነው የምልዎት።»

ባሻ አጉረመረሙ። ክፉ ሽማግሌ አልነበሩም፤ የተመቻቸው ሽማግሌ ነበሩ። «ስሚኝ ልጄ። የወሰንነው ምን ነበር? ቃጭሉ ከጮኸ ድመት አለ፣ ካልጮኸ የለም። አንቺም ክንፍሽን አውጥተሻል። አሁን ቃጭሉ አልጮኸም ትዪኛለሽ፤ ደግሞ ድመት ነበረ ትዪኛለሽ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። አንዱን ምረጪ።»

«ዓይኔን ልጠራጠር ነው?»

«ዓይን ብዙ ነገር ያያል። ለዚህ አይደል በጆሮ የተስማማነው?»

ሽታዬ ከባሻ ዘንድ ወጥታ ገና ጎጆዋ ሳትደርስ ወሬው ቀድሟት ደረሰ። የሽታዬ ልብ ከአጥር ማዶ ነው ተባለ። ቀዩ ድመት ይመለስ ዘንድ አጋፋሪውን ታስጠላለች ተባለ። ልጆቿን የበላባትን ድመት ትፈልጋለች ብሎ የሚያወራ ወፍ ምን ዓይነት ጭንቅላት እንዳለው አላውቅም፤ ወሬው ግን ያለ ችግር ሰፈሩን ዞረ።

ማታውን እማማ አስካለ ዘንድ ሄደች። «እማማ፣ እርስዎ ያውቁታል። ድመት እንዴት እንደሚያደፍጥ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። አንድ ቃል ቢናገሩ ይሰሙዎታል።»

እማማ አስካለ ወደ ጽዱ ቀና ብለው አዩ፤ በላቸው እዚያ ነበር። ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ጽጌረዳው አዩ። «እኔ የምኖረው ዛፍ ላይ ነው፣ ልጄ» አሉ። ሽታዬም አልለመነቻቸውም።

የቀራት አንድ ነገር ነበር፤ ምትኬን የድሮውን ጩኸት ማስተማር። ግን ጎጆ አካባቢ ችክ የሚል ድምፅ ከተሰማ በላቸው «ማን ነው?» እያለ ይመጣል፤ ቁራ ጫጩት ያለበት ጎጆ ጠርዝ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ሲመለከት ደግሞ የሚያምር ነገር አይደለም። ስለዚህ ሽታዬ ጩኸቱን በሹክሹክታ አስተማረቻት። ማታ ማታ ክንፏ ሥር አስገብታ፣ በቀስታ፣ «ችክ፣ ችክ፣ ችርርር» ትላታለች። ምትኬም በክንፉ ሙቀት ውስጥ ሆና ይህን እየሰማች እንቅልፍ ይወስዳታል። እናቲቱ ልጇ ዘብ የተማረች መሰላት። ልጅቷ ግን የተማረችው መተኛት ነው።

ምትኬ ከጎጆ የወጣችበት ቀን ብሩህ ቀን ነበር። መጀመሪያ እንደሚሆነው ሁሉ በረራዋ ከመውደቅ ብዙም አይለይም፤ ገንዳው አጠገብ ሣሩ ላይ አረፈች፣ ክንፏን አራገፈች፣ ዓለም ይህን ያህል ሰፊ መሆኑ አስፈራት። ሌሎቹ ወፎች ወዲያ ማዶ ፍርፋሪ ይለቅማሉ። ሽታዬ ትል ይዛላት ስትመለስ ጽጌረዳው ጫፍ ላይ አረፈች። ወደ ታች አየች። ከግንዱ አጠገብ ነጭ ነገር አለ። ቀይ ጥብጣብ አለ። አገጭ ደረት ላይ ተቀብሯል።

ትሉን ጣለችው። በሙሉ ድምፅዋ «ችክ፣ ችክ፣ ችርርር» አለች።

ርግቦቹ ከፍርፋሪው ቀና አሉ። ያውቁታል፤ አካላቸው ሁሉ ያውቀዋል፣ የአንዳንዶቹ ክንፍ ሳያዙት ግማሽ ተከፍቷል። ግን ቃጭል አልጮኸም፤ ማን ቀድሞ እንደሚነሣ ሊያዩ ጎን ለጎን ተያዩ። «ማን ነው የሚጮኸው?» አሉ ባሻ እርገጤ በቁጣ። ወይራው ላይ እማማ አስካለ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰውም ገጠሙት።

ምትኬ ግን ሰማች። በዚያ ሰፊ ሣር መካከል እየተንቀጠቀጠች ሳለ የምታውቀውን ዜማ ሰማች፤ እናቷ ስታስተኛት የምትለውን። ፍርሃቷ ለቀቃት። ዞረችና እየፈነጠዘች ወደ ድምፁ፣ ወደ ጽጌረዳው መምጣት ጀመረች።

ሽታዬ ጩኸቷን አቆመች። በጮኸች ቁጥር ልጇን ወደ ድመቱ እያቀረበቻት መሆኑ ገባት። ዝም ብትልም ልጅቱ መምጣቷን አላቆመችም። ሽታዬ ያኔ ክንፏን ሰብስባ ራሷን ወደ ታች ወረወረች፤ ቀጥታ ከአገጩ ሥር፣ ጥብጣቡ ላይ። አፍንጫውን በጥፍሯ ጫረችው፣ ቃጭሉን በአፏ ይዛ ጎተተችው።

ቃጭሉ ጮኸ። በግቢው ውስጥ እንደዚያ ጮኾ አያውቅም።

ወፎቹ ሁሉ ብድግ አሉ። ምትኬም ብድግ አለች፤ ቅጭል ሲል ወደ ላይ መሆኑን ማንም ጫጩት ያውቃል። እንዴት እንደበረረች ሳታውቀው የወይራው ታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ራሷን አገኘችው። ከዚያ ቃጭሉ ዝም አለ።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተጠራ። በላቸው ዘግይቶ መጣ፤ ከመናገሩ በፊት አፉን በገንዳው ጠርዝ ወዲያና ወዲህ ጠረገ።

«ወገኖቼ» አለ፣ «ዛሬ ያየነው ነገር ውሳኔያችን ትክክል እንደነበር ያረጋግጣል። ቃጭሉ ጮኸ፣ ሁላችንም ሰማን፣ ሁላችንም ተነሣን፣ ተረፍን። ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን?»

ርግቦቹ አጉረመረሙ።

«እናቴስ?» አለች ምትኬ።

ሁሉም ወደ ውኃው አየ። ባሻ እርገጤ አንድ ነገር ሊሉ ፈልገው ነበር መሰለኝ፤ አንገታቸው ተነፋ፣ መልሶ ተነፈሰ።

«ቃጭሉ ለሁሉም እኩል ነው የጮኸው፣ ልጄ» አለ በላቸው። «ሰምቶ ላልተነሣ ግን ምን ይደረጋል? ደግሞ ከዚያ በፊት የተከለከለ ጩኸት መሰማቱን ሁላችንም እናውቃለን። ሐዘን ላይ ስለሆንን አናነሣውም።»

ስብሰባው አጋፋሪውን አመሰገነ። አፍንጫቸው ላይ ለደረሰው ጭረትም «እግዜር ይማርዎ» ብሎ ተበተነ።

ምትኬ ወደ ጽጌረዳው አልተመለሰችም። የወይራው ታችኛው ቅርንጫፍ ላይ እንዳለች ቀረች፤ ቦታው የዋኔዎች ነው ብሎ የሚያስነሣት አልነበረም። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ እማማ አስካለ ከላይ ወርደው አጠገቧ አረፉ።

«እናትሽ ማታ ማታ የምትልሽ ነገር ነበር» አሉ። «እስቲ በዪልኝ።»

ምትኬ በቀስታ፣ እንደሰማችው፣ በሹክሹክታ አለችው።

«ልክ ነው» አሉ እማማ አስካለ። «ግን ለማስተኛት አይደለም። ጮክ ብሎ ነው የሚባለው። እኔ ነበርኩ ልነግራቸው የሚገባኝ።» ከዚያም ጩኸቱ ከየት እንደመጣ፣ ብረቱ ላይ ማን ይቆም እንደነበር፣ ተረኛው ለምን መጨረሻ እንደሚበላ ጨለማው እስኪመጣ ነገሯት።

በማግሥቱ ጠዋት የገበታው ልብስ ተራገፈ። ወፎቹ እንደ ወትሮው ወረዱ። ባሻ እርገጤ ለቅመው ቀና ሲሉ የልብስ ማስጫው ብረት ላይ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ቆማ አዩ። አልጮኸችም። የተከለከለውን አላደረገችም። ፍርፋሪውንም አላየችም፤ የምታየው ጽጌረዳውን ነበር።

«ያቺ ልጅ ለምን አትበላም?» አሉ ባሻ።

ከአጠገባቸው ያለው ርግብ መልቀሙን ትቶ ልጅቱ ወደምታይበት አየ። ከዚያ ሌላው አየ። ከዚያ ሌላው። ወይራው ላይ እማማ አስካለ ገና አልወረዱም ነበር፤ እሳቸውም ወደዚያው ያያሉ። ጽዱ ላይ በላቸው አንዴ ጮኸ፤ ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ግቢው እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

ቡሬ ጽጌረዳው ሥር አገጩን ቀብሮ ተኝቷል። ጸጥታውን ሰማው። እስካሁን የሚያውቀው እሱን የማያይ ወፍ ብቻ ነበር። ማን እያየው እንደሆነ ለማወቅ ቀና አለ፤ ቀና ሲል አገጩ ከደረቱ ተነሣ፣ ቃጭሉም ጮኸ።